ሌሊት የሚዘጋው ውሃ

ሹፌሩ ፈንታሁን የወረወረው መንጠቆ ስሱን በረዶ ሰብሮ ገባ። የኔአለም ከመኪናው ወርዳ አሥር እርምጃ ሳትሞላ ውሃው አፍ ላይ ደረሰች፤ ደስታዋን መደበቅ አቃታት።

«ይኸው! ከመኪና በር እስከ ውሃ! ከዚህ ወዲያ ምን ይፈልጋሉ?»

የሚፈልጉት እንግዶቹ ናቸው። ለገና ሰሞን ከአውሮፓ መጥተው፣ እሷ የምትሠራበት አስጎብኚ ድርጅት መካነ ሰላም አጠገብ ባሠራቸው የእንጨት ጎጆዎች አድረው፣ ጠዋት ጠዋት ዓሣ ሊያጠምዱ ነው። አዛውንት ስለሆኑ ቁልቁለት የሌለው ውሃ ይፈለግላቸው ተብሏል። ካልተገኘ ጉዞው ይቀራል፤ ጉዞው ከቀረ የየኔአለምም እንጀራ አብሮ ይቀራል። በወግዲ በኩል ያየችው ኩሬ ደርቋል፤ ሌላው ፍየል እንኳ ፈርታ የምትወርደው ገደል ሥር ነው። የቀራት ይህ ከአቀስታ በሚመጣው መንገድ ዳር ያለ ግድብ ብቻ ነበር። የታኅሣሥ ውርጭ ዳር ዳሩን አርግቶት፣ የቀዘቀዘ ወተት የሚያወጣውን ዓይነት ሽፋን አልብሶታል።

«እነሱ አገር በረዶው መኪና ይሸከማል አሉ» አለ ፈንታሁን እጁን በትንፋሹ እያሞቀ። «ይበሱትና ወንበር ዘርግተው ቀኑን ሙሉ ቁጭ! ሥራ መፍታት እንዲህ ነው!»

እየሳቁ ሳለ አንዲት አሮጊት ዱላ ይዘው በግድቡ ጠርዝ መጡ። ውሃው ዳር ቆመው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፦

«አሰላሙ አለይኩም!» አሉ።

«ወአለይኩም ሰላም! እንደምን አደሩ እናቴ?» አሉ ሁለቱም፣ እንደ ወጉ።

አሮጊቷ ዘወር ብለው አዩአቸው። «አብሽሩ ልጆቼ፣ እናንተንም ሰላም እላለሁ። አሁን ያልኩት ግን እሱን ነው።»

የኔአለም ግራ ቀኙን ቃኘች። ማንም የለም። አሮጊቷ ጎንበስ ብለው በዱላቸው ጫፍ በረዶውን ይሰብሩ ጀመር፤ ስብርባሪውን በእጃቸው እየገፉ ውሃውን ከፈቱት። ጣቶቻቸው ቀልተዋል።

«ሌሊት ሌሊት ይዘጋበታል» አሉ።

ስማቸው ኡሙልኸይር ነው። ልጃቸው ሁዜይፋ ካቻምና ነሐሴ ላይ ውሃ የወሰደውን በሬ ሊያወጣ ገባ። በሬው ወጣ። ከከተማ ጠላቂዎች መጥተው ፈለጉ፣ ደለል ውጦታል ብለው ሄዱ። «አላጠብኩት፣ አልከፈንኩት። ቀብሩ ይኸው ነው እንግዲህ። የጠዋት ሰላምታውን አላስቀርበትም።»

 የኔአለም ግን፣ እግዜር ይቅር ይበላት፣ በዚያው ቅጽበት ይህን ለእንግዶቹ ማን ይነግራቸዋል ብላ አሰበች። ማሰቧን ስታውቅ ፊቷ ጋለ።

«እናንተስ ምን ፈልጋችሁ ነው?»

ልትዋሽ ነበር። ክሩ ግን ከፈንታሁን ዘንግ ተነስቶ ውሃው ውስጥ እስኪጠልቅ ድረስ ወለል ብሎ ይታያል። «እንግዶች አሉን እማማ» አለች። «ዓሣ የሚያጠምዱ።»

እማማ ኡሙልኸይር ክሩን በዓይናቸው ተከተሉ። ፊታቸው ዓመድ መሰለ።

«የዚህን ውሃ ዓሣ እዚህ ሰው አይበላም» አሉ በመጨረሻ። «ከልጄ ላይ መንጠቆ አትጣሉበት። ሌላ ውሃ ፈልጉ። ከመለመን ሌላ ምን ጉልበት አለኝ?»

«ሰብስበው» አለች የኔአለም።

ፈንታሁን ክሩን መጠቅለል ጀመረ። ትንሽ መጣለትና ያዘው። ጎተተው፤ አልላወስ አለ። «ሥር ይሆናል» አለ፣ ግን ግድቡ የተሠራው ሣር ሜዳ ላይ ነው፤ ዛፍ አልነበረበትም። ከኪሱ ሰንጢውን አወጣ።

«አትቁረጠው!» እማማ ኡሙልኸይር ዱላቸውን ጥለው ክሩን ጨበጡ። «አትጎትተው። ቀስ በል፣ ያመዋል።»

ፈንታሁን ሰንጢውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። አሮጊቷ ክሩን በሁለት ጣታቸው መካከል እያስኬዱ ውሃው ውስጥ ገቡ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ እስከ ጉልበት። ቀሚሳቸው ተንሳፈፈ። የኔአለም ጫማዋን ሳታወልቅ ተከተለቻቸው፤ ቅዝቃዜው አጥንቷን ነካ። እንዳይወድቁ ልትደግፋቸው ፈልጋ እሷም ክሩን ያዘች።

ያን ጊዜ ክሩ ከወዲያ በኩል፣ በቀስታ፣ አንዴ ተሳበ።

ሁለቱም ተሰማቸው።

«ዓሣ ነው» አለ ፈንታሁን ከኋላ፣ ድምፁ ተሰባብሮ። «ዓሣ ነው እማማ፣ ዓሣ ነው።»

«አቤት ልጄ!» አሉ እማማ ኡሙልኸይር ወደ ውሃው፤ አንድ እርምጃም ወደፊት ተራመዱ።

የኔአለም ክሩን ለቅቃ በሁለት እጇ ወገባቸውን አቀፈች። ክብደት የሚባል የላቸውም፤ ግን ልትመልሳቸው አልቻለችም።