መንገደኛ የተባለው ሰው

«ይሄ ሰውዬ ሰው ነው ወይስ መልአክ?»

ቢሮው በሳቅ ፈነዳ... እሷ ግን አልሳቀችም።

አምስት ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ያቃተውን የኮድ ስህተት አንድ የማይታወቅ ሰው በአሥራ አንድ መስመር አስተካክሎ ልኮላቸዋል።

ስሙ «መንገደኛ» ይላል። ፎቶ የለው... አድራሻ የለው...

የቢሮው አለቃ እሷ ናት።

አፕ ስትከፍቱ የምታዩት ፊቱን ብቻ ነው አይደል? ከጀርባው ደግሞ ስማችሁን፣ የይለፍ ቃላችሁንና መረጃችሁን የሚይዝ ሌላ ሥራ አለ። እሷ የምትሠራው ይህን የጀርባውን ሥራ ነው።

እንደ ሌሎቹ ግን ቆልፋ አታከራይም። ኮዱን እንዳለ ለሁሉም ትለቃለች። አፕ ሠሪው ወስዶ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ይተክለዋል፤ እንደፈለገ ያሻሽለዋል፤ ሲሰለቸው መረጃውን ይዞ ይሄዳል። የማንንም ደጅ አይጠናም።

«ላሟን በነፃ ሰጥታ ወተት ልትሸጥ ነው እንዴ?» ብለው የሚቀልዱባት ብዙ ናቸው።

ለምን እንዲህ እንዳደረገች ግን ማንም አያውቅም...

ከስምንት ዓመት በፊት ከታላቅ ወንድሟ ጋር አንድ አፕ ሠርታ ነበር። ነፍሰ ጡር እናቶችን የክትትል ቀናቸውን የሚያስታውስ።

ወንድሟ ስላችሁ እንዲሁ ወንድም እንዳይመስላችሁ። እናታቸው ስትሞት እሷ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ፀጉሯን ያበጠረላት፣ ትምህርት ቤት ያመላለሳት፣ የመጀመሪያውን ኮድ ያስጻፋት እሱ ነው። «ጋሼ» ነው የምትለው።

የአፑን ጀርባ ለአንድ ኩባንያ እንስጠው ያለውም እሱ ነበር። «ቶሎ እንጀምራለን» ብሎ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ኩባንያው ተዘጋ።

መረጃችንን ስጡን ብለው ለመኑ... ስልክ የሚያነሳ ጠፋ። የአራት ሺህ እናቶች ቀጠሮ እንደ ጉም በነነ።

ከእናቶቹ አንዷ ቢሮአቸው ድረስ መጣች። «ታስታውሱኛላችሁ ብዬ ነበር» አለች። የክትትል ቀኗ አልፎባት ፅንሷን አጥታለች።

ሴትየዋ እንደወጣች እህት ወንድሟ ላይ ጮኸችበት።

«ቁልፋችንን ለሰው የሰጠኸው አንተ ነህ! ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላይ!»

ወንድሟ ኮቱን አንስቶ ወጣ።

በማግስቱ ደወለ... ዘጋችበት። ጻፈ... ሳታነብ አጠፋችው። ቁጥሩን አገደችው። ደጇ ድረስ መጥቶ አንኳኳ... ከውስጥ ሆና እየሰማች አልከፈተችም።

ዓመት አልፎ ንዴቱ ሲበርድላት እሷ ደወለች።

«የደወሉት ቁጥር አገልግሎት አይሰጥም...»

ይኖርበት የነበረው ቤት ሌላ ሰው ገብቶበታል። ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም።

ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ እሱን የሚመስል ሰው ባየች ቁጥር እርምጃዋን ታፈጥናለች። ቀድማ ሄዳ ዞር ትላለች... «ይቅርታ፣ የማውቀው ሰው መስለውኝ ነው።»

ደስ የሚል ነገር በገጠማት ቁጥር ስልኳን ታነሳለች... መልሳ ታስቀምጠዋለች።

ወደ መንገደኛው እንመለስ።

አራት ዓመት ሙሉ አልተለያትም። ጀማሪዎች በኮዱ ገጽ ላይ የሚጠይቁትን ሰው ሁሉ «ይሄም ይጠየቃል?» ብሎ ሲያልፈው፣ እሱ ቁጭ ብሎ እንደ ልጁ ያስረዳቸዋል።

አንድ ቀን «እባክዎ ይምጡና እናመስግንዎ» ብላ ጻፈችለት።

«ስላሰቡኝ አመሰግናለሁ። መምጣት ግን አልችልም።»

በቃ። ይኸው ነው መልሱ።

ከጥቂት ወራት በፊት ከአንድ ሩቅ ከተማ ሆስፒታል መልእክት መጣላት። «በእርስዎ ኮድ የእናቶችን ክትትል በራሳችን ኮምፒውተር እየያዝን ነው። መጥተው ይዩልን» ይላል።

ሄደች።

አንዲት ነርስ በኮሪደሩ እየመራቻት «ኢንተርኔት ቢቋረጥም እኛ ሥራ አንፈታም! ሁሉም ነገር እዚሁ በእጃችን ነው» አለቻት በኩራት። «የተከለልን ባለሙያችን ነው። ወርቅ ሰው ነው... ስለ ቤተሰቡ ከጠየቁት ብቻ ወሬ ይቀይራል።»

ነርሷ የባለሙያውን ክፍል በር ከፈተችው።

ሰውየው ጀርባውን ሰጥቶ ስክሪኑ ላይ አጎንብሷል። የአንድ ጀማሪ ጥያቄ ከፍቶ መልስ እየጻፈ ነው። ከመልሱ በላይ «መንገደኛ» ይላል።

ልታመሰግነው አፏን ስትከፍት... ዞረ።

ፀጉሩ ሸብቷል።

«ጋሼ...»

ነርሷ ግራ ገብቷት አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን ታያለች።

«አራት ዓመት ሙሉ! ለምን በስምህ አልጻፍክልኝም?»

«በስሜ ብጽፍ ታነቢው ነበር?»

ወደ እሱ ተጠጋች።

«ቤትሽን አንኳኳሁ፤ አልከፈትሽልኝም» አላት ቀስ ብሎ። «የኮድሽን ቤት ግን ለዓለም ሁሉ ክፍት አድርገሽዋል። ማነህ፣ ከየት ነህ አይልም። እኔም ከሰዉ ጋር ተቀላቅዬ ገባሁ... ቢያንስ ሥራሽን ልይ ብዬ።»

«ደውዬልህ ነበር እኮ! ስልክህ አይሠራም...»

«መቼ?»

«ሰባት ዓመት ይሆነዋል።»

ሰውየው ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ቁጥሩን የቀየረው ከእንግዲህ አትደውልም ብሎ ነው።

እሱ እሷን ይጠብቃል... እሷ እሱን ትፈልጋለች... ሁለቱም ስለ ኮዱ በየቀኑ እየተጻጻፉ!

ዛሬ ታርቀዋል። እሱ ሆስፒታሉን አልተወም፤ እሷም በየወሩ መንገዱ ሳይሰለቻት ትሄዳለች። ያለፉትን ስምንት ዓመታት ግን የሚመልስላቸው የለም።

ወዳጆቼ... አንዳንድ ሰው «ይቅር በይኝ» ማለት ሲያቅተው በሥራው ይልከዋል። እኛ ደግሞ ለማናውቀው ሰው ስንት ደግነት እያደረግን፣ ያሳደገንን ሰው ደጅ ላይ አቁመን እንቀራለን። ንዴት ያልፋል፤ ሰው ግን እስኪበርድልን ቆሞ አይጠብቅም።

እናንተስ... የዘጋችሁበት፣ ግን ዛሬም የምትናፍቁት ሰው አለ?

ስሙን አትጻፉ። ምኑ እንደሚናፍቃችሁ ብቻ ኮመንት ላይ ንገሩን... ማን ያውቃል፣ እሱም በሌላ ስም እያነበበ ይሆናል።