ሰው ድምፅ ይበላል

የአምልኮ ቤቶችን የድምፅ ማጉያ የማቅደው እኔ ነኝ። ከሁሉም የሚያደርቀኝ ቤዙ፣ ያ ወፍራሙ ድምፅ ነው። ባዶ አዳራሽ ውስጥ እንደ ነጎድጓድ ይንከባለላል፤ ሰው ሲሞላ ግን ይረግባል። ሰው ድምፅ ይበላል።

ከከዚራ ሰፈር ወረድ ብሎ ያለው አዲሱ መስጊድ ለጁምዓ ይከፈታል። ገና ማንም አልሰገደበትም። ትናንት ቤዙን ስሞክረው መስኮቶቹ ተንቀጠቀጡ። ዛሬ ከቀትር በኋላ ደግሜ ስከፍተው ግን ከፊት በኩል ድምፁ ወዲያው ሞተ።

«አባ ሙመድ፣ ምንጣፍ አነጠፋችሁ እንዴ?» አልኳቸው ዘበኛውን።

«አቦ፣ ባዶ ሲሚንቶ ነው እኮ! አይታይህም?»

ይታየኛል። ተናድጄ ገመዱን ቀየርኩና እንደገና ከፈትኩት። አሁን እስከ መሃል ድረስ ታፍኗል፤ የሚያስተጋባው ከኋላ ብቻ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ስከፍተው በሩ ጋ፣ እኛ እስከቆምንበት ድረስ ረገበ።

መስጊድ የሚሞላው እንዲሁ ነው፤ ከፊተኛው ሶፍ ጀምሮ፣ ረድፍ በረድፍ ወደ በሩ። ክፍተት አይተውም፤ ትከሻ ከትከሻ ይገጥማል።

አባ ሙመድ ባዶውን ወለል ትኩር ብለው አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ።

«አንተም አውልቅ፣ ልጄ» አሉኝ በሹክሹክታ።

ቤዙን አጠፋሁት። አባ ሙመድ መጥተው በቀኜ ቆሙ።

ግራ ትከሻዬን ሌላ ትከሻ ቀስ ብሎ ገጠመው።