ሦስት ደቂቃ ትርፍ

የልጅቷ እናት ልብስ ሰፊ ነበረች። ከሞተች በኋላ፣ በካሜራ የቀረጸቻቸውን የስፌት ትምህርቶች ልጇ ለኢንተርኔት ሥልጠና ልታውላቸው ተነሳች፤ የድሮዎቹን የቪዲዮ ፋይሎች ወደ አዲስ የፋይል ዓይነት መቀየርም ከወንድሟ ተማረች።

የመጨረሻው ቪዲዮ ግን ሲቀየር በሦስት ደቂቃ ረዘመ። ግራ ገብቷት ለወንድሟ ደወለች።

«አንቺ ደግሞ! ቪዲዮ እንደ ሊጥ ኩፍ አይልም» ብሎ ሳቀባት።

ወደ መጨረሻው ወስዳ ከፈተችው። እናቷ «በሉ ደህና ሁኑ» አለች፤ ካሜራውን ግን እንደ ወትሮዋ አላጠፋችም። አንገቷን ደፍታ፣ ልጅቷ አይታው የማታውቀውን ነጭ ቀሚስ ትሰፋ ጀመር። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ቀና ብላ ወደ ካሜራው ተመለከተች።

«ከቀበርሽኝ ወዲህ ከስተሻል፣ የኔ ልጅ» አለቻት። «ጎኑን አጥብቤልሻለሁ። ነይ፣ ለኪው።»