አሠልጣኙ ያዘዘላት ታይ ቺ

«ልጄ፣ እጅሽ ቸኮለ። የምትገፊው ደመና ነው፣ በር አይደለም» ይሏታል መምህርት ሉዎ፣ ከኋላዋ ቆመው ክርኗን ዝቅ እያደረጉ። ሐይቁ ዳር የተሰለፉት ጡረተኞች ይስቃሉ።

ቺያዩንም ትስቃለች። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከአሥራ አምስት ዓመቷ ጀምሮ የሮጠችው በአሠልጣኝ ፔይ እጅ ነው። በጸደይ ጉልበቷን ሲያማት «ልምምድሽ ላይ ታይ ቺ ጨምሪበት፤ ሚዛንሽን ያስተካክልልሻል» ብሎ ወደዚህ መናፈሻ ያመጣት እሱ ነው። መጀመሪያ አፍራ ነበር። የማራቶን ሯጭ ከአሮጊቶች ጋር በዝግታ እየተወዛወዘች አየር ስትዳስስ! አሁን ሦስት ወር ሆናት። ጉልበቷ ድኗል፤ ዳገት ላይ ትንፋሿ አይቆራረጥም። የብሔራዊ ቡድን መምረጫው ሩጫ የፊታችን እሑድ ነው።

ልምምዱ ሲያበቃ ጡረተኞቹ አይበታተኑም። መምህርት ሉዎ ከከረጢት ነጭ የሐር ልብስ አውጥተው በሁለት እጃቸው ይሰጧታል።

«አዋጥተን ያሰፋነው ነው። እንግዲህ ጠቅልለሽ የኛ ሆንሽ።»

«የእናንተ?»

«ሩጫውን ተውሽው አይደል? አሠልጣኝሽ ገና ያመጣሽ ዕለት ነግሮናል። ‹መምረጫው ሩጫ እስኪያልፍ ነገሩን አታንሱባት፣ ሆድ ይብሳታል› አለን። ይኸው ትናንት አለፈ፤ በቴሌቪዥን አየነው።»

ቺያዩን ልብሱን እንደታቀፈች ትቀራለች። አሮጊቷ ፊቷን ያያሉ።

«አታውቂም ነበር እንዴ?» ድምፃቸው ይሰለላል። «ወይኔ ልጄን! እኔንም አታሎኛል።»

ስትደውልለት ፔይ ስልኩን ወዲያው ያነሳል።

«አሠልጣኝ፣ ምርጫው እሑድ ነው አላሉኝም?»

ከኋላው የልጃገረዶች ሳቅ ይሰማል።

«ሚንሹ ተመረጠች» ይላል፣ አብራት የምትሠለጥነውን ሯጭ ጠርቶ። «ሃያ ዓመቷ ነው፤ ገና ብዙ ትሮጣለች።»

«እኔን አትችልም ብለው ነው?»

«ማክሰኞ ዳገቱ ላይ ተደብቄ ሰዓት ይዤብሽ ነበር» ይላትና ይተነፍሳል። «ብትሮጪ ትቀድሚያት ነበር። ቀኑን የደበቅሁሽ ለዚህ ነው። አንቺ ስንት ዓመት ይቀርሻል? ፊት ለፊት ብነግርሽ እሺ አትይኝም። እኔ እኮ እንደ ልጄ ነው የማይሽ።»

እናቷ የሞተች ጊዜ አሥራ ስምንት ሰዓት በባቡር አብሯት ተጉዞ፣ ከዘመዶቿ መካከል ቆሞ የቀበረው ይኸው ሰው ነው።

«ዋሸኸኝ» ትለዋለች።

በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን «አንተ» ብላው አታውቅም።

«ምን አልሽኝ?» ይላል ፔይ።

ትዘጋበታለች። ወዲያው መልሶ ይደውላል። ስልኩ እጇ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ «አባባ ፔይ» የሚለው ስም እየበራ ይጠፋል፣ እየጠፋ ይበራል። ጡረተኞቹ ሁሉ ያዩታል። አንሺው የሚላት የለም።