ሠላሳ ሁለት ክር

«ይህን ቆርቆሮ ከሰርቨሩ እኩል አድርገሽ ስታቀርቢ ትንሽ አታፍሪም?» አለ ምናሴ፣ የአሮጌውን ኮምፒውተር ጎን በጣቱ እያንኳኳ።

ሸዋረገድ አላፈረችም። እንዲያውም የጠበቀችው ይህንኑ ቃል ነበር። «ታላቅ ይከፍላል፣ ታናሽ ይመርጣል ነው ያሉት አባታችን። እኔ ከፈልሁ። ምረጥና ሂድ።»

እኅትና ወንድም በስደት በሚኖሩባት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአንድ ምድር ቤት ያቆሙት ማተሚያ ያን ቀን ይፈርስ ነበር። እሷ እዚያው ልትቀር፣ እሱ ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ሄዶ የራሱን ሊከፍት ተቈርጧል። ሌላው ሁሉ ተከፍሎ አልቆ የቀሩት ሁለቱ ኮምፒውተሮች ናቸው፤ አሮጌውና ምናሴ የገዛው አዲሱ ሰርቨር። ማስታረቅ ያቃታቸው ሽማግሌዎች ክፍፍሉን እንዲያዩ ጋሽ ንጋቱን ልከዋል፤ እሳቸውም ካፖርታቸውን ሳያወልቁ በወረቀት ካርቶን ላይ ተቀምጠዋል።

«እኔ የዚህ ነገር መሐይም ነኝ። ልዩነታቸው ምንድን ነው?» አሉ።

«ሰማይና ምድር ናቸው፣ ጋሼ» አለ ምናሴ። ቀን ቀን ሰርቨሮች በሚጠበቁበት ዳታ ሴንተር ውስጥ ይሠራልና፣ ስለ ሰርቨር ሲናገር ስለ በቅሎው የሚፎክር ባላባት ይመስላል። «የአሮጌው ፕሮሰሰር ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው፤ ሁለት ሠራተኛ በሉት። የአዲሱ አሥራ ስድስት ነው። ሠላሳ ሁለት ክር፣ ማለት ሠላሳ ሁለት ሥራ፣ ይዞ ባንዴ ይሠራል!»

«ሠላሳ ሁለት ክር!» ጋሽ ንጋቱ አንገታቸውን ዳሰሱ። «እኔ ያለኝ አንድ ነው፤ ለእሱም መታመን አቅቶኛል።»

የሳቀ የለም።

ሸዋረገድ የምታውቀውን ዋጠች። ገጽ የሚያቀናብሩበት የግእዝ ፕሮግራም በአንድ ኮር ብቻ ነው የሚሠራው፤ መርፌዋ አንዲት ከሆነች፣ አሥራ ስድስት ሰው ቢሰለፍም የሚሰፋው አንዱ ነው። የአዲሱ ሠራተኞች ብዙ ቢሆኑም እያንዳንዳቸው ዘገምተኛ ናቸው፤ የአሮጌው ጥቂት ቢሆኑም እጃቸው ፈጣን ነው። ትናንት አንዱን የመዝሙረ ዳዊት መጽሐፍ በሁለቱም ሞክራ ነበር፤ አሮጌው ጨርሶ ሲያርፍ አዲሱ ገና እኩሌታውን አልፎ ያዘግም ነበር። ምናሴ ደንበኛ ያመጣል እንጂ ገጽ አቀናብሮ ስለማያውቅ ይህን አያውቅም። የፕሮግራሙ ሠሪ ደግሞ በእነዚህ በሁለቱ ላይ ብቻ በምስጢር ቍጥሩ ከፍቶላቸው ሞቷል፤ በሦስተኛ ማሽን ላይ የሚከፍተው የለም። አሮጌው ከእጇ ከወጣ፣ የእንጀራዋ እኩሌታ ከእጇ ወጣ።

«አንቺስ፣ ሸዋዬ? አንገትሽ ላይ ባለው ክር ይዤሻለሁ፤ የቱ ነው የሚሻለው?» አሉ ጋሽ ንጋቱ።

«አዲሱ ይበልጣል» አለች።

«ይበልጣል» ማለት «ይሻላል» ማለትም፣ «ይበዛል» ማለትም ይሆናል፤ በቍጥር መብዛቱን ደግሞ ማንም አይክድም። አባቷ ሰዋስው ያስተማሯት የአንድን ግስ ሁለት ፊት እንድትለይ እንጂ ባንደኛው ተሸፍና እንድታልፍ አልነበረም። እሷ ግን ተሸፈነች፤ ያም አልበቃ ብሏት ጨመረች። «አሮጌውማ ያቃስታል እንጂ መች ይሠራል? ልጥለው ነበር።»

«መጣልማ ታውቂበታለሽ» አለ ምናሴ። «የኔ እጅ ያረፈበትን ሁሉ ስትጥዪ አይደል የኖርሽው?»

«እጅህ ደግሞ የት አርፎ ያውቃል? የማያርፈው ምላስህ ነው!»

«በቃ!» አሉ ጋሽ ንጋቱ። «ምረጥ፣ አንተ!»

ምናሴ ወደ ሰርቨሩ ሄደና መዳፉን አሳረፈበት። ሸዋረገድ የሰርቨሩን ገመድ ልትነቅልለት ጎንበስ አለች። እሱ ግን ጥቂት ቆይቶ እጁን አነሣ።

«ልጆች አሉሽ» አለ፣ ፊቱን ወደ እሷ ሳይመልስ። «ደኅናውን አንቺ ውሰጂ። ነገ ‹ወንድሜ ቀማኝ› እያልሽ በየደጀ ሰላሙ እንዳታሚኝ። የሚጣለው ለኔ ይሁን።»

«አይሆንም!» ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኸ። «የገዛኸው አንተ ነህ! ያንተ ነው!»

«ምርጫው የኔ ነው አላልሽም? መረጥሁ።»

ጋሽ ንጋቱ ከካርቶኑ ተነሡ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ወንድም ማለት እንዲህ ነው! ምን ይዘጋሻል፣ መርቂው እንጂ!»

እውነቱን ለማውጣት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃት ነበር፤ ያ ዓረፍተ ነገር ግን በማተቧ ተይዛ መዋሸቷንም አብሮ ያወጣዋል። አፏን ከፈተች።

«ይባርክህ» አለች።

ውጭ ያካፋ ነበርና ምናሴ ጃኬቱን አውልቆ አሮጌውን ማሽን ጠቀለለበት፤ ደረቱ ላይም አቅፎት በእርጥቡ ደረጃ መውጣት ጀመረ። እግሩ አዳለጠው።

«ቀስ በል! ያንሸራትታል!» ሸዋረገድ እጆቿን ዘርግታ ወደ ደረጃው ሮጠች።

ምናሴ ተደግፎ ቆመ፤ ዞሮም አያት። ከስንት ወር ወዲህ ያላየችው ፊት ነበር።

«እሺ፣ እታለም» አለ በለሆሳስ።

እጆቿ፣ ወደ ታቀፈው ማሽን እንደተዘረጉ፣ በአየር ላይ ቀሩ።