በኃይሉ የደፋው አሸዋ

«ዛሬ ከመሮጣችሁ በፊት ከረጢቶቹ ይመዘናሉ!»

አሰልጣኝ ወልደጻድቅ ይህን ሲል በኃይሉ ቀስ ብሎ ከሁሉም ኋላ ቆመ...

ሚዛኑ ከአሞራ ገደል፣ ከሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ የመጣ ነው። አሰልጣኙ ዓሣ አስጋሪዎቹን ለምኖ ለግማሽ ቀን የተዋሰው፣ ገና ዓሣ ዓሣ የሚሸት ተንጠልጣይ ሚዛን። ሜዳው ዳር ካለው ግራር ላይ አሰሩት።

ቆይ፣ ቆይ... ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነው በ1975 ዓ.ም. ነው። ሐዋሳ ያኔ አዋሳ ነበር የምትባለው፤ የሲዳሞ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ።

በኃይሉ የሃያ ዓመት የቱላ ልጅ ነው። የእጅ ኳስ ተጫዋች፣ የግራ ክንፍ።

ማትሪክ አልመጣለትም። ለክፍለ ሀገሩ ቡድን ከተመረጠ አዲስ አበባ ሄዶ ይጫወታል፤ እዚያ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ አንዱ የፋብሪካ ቡድን ሥራ ሰጥቶ ያስቀረዋል።

ካልተመረጠስ? ወደ አጎቱ እርሻ...

ለግራ ክንፍ የቀረው ቦታ አንድ ብቻ ነው። ፈላጊው ግን ሁለት፦ እሱና ጓደኛው ደምሴ።

አሰልጣኙ የሚነሳ ብረት የለው፣ ጂምናዚየም የለው። ስለዚህ ከዱቄት ጆንያ ከረጢት አሰፋና አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ኪሎ የሐይቅ ዳር አሸዋ ሞላበት። በየከረጢቱ ላይ የባለቤቱ ስም በቀለም ተጻፈ።

ማለዳ ማለዳ ከረጢትህን አዝለህ ሠላሳ ሜትር በሙሉ ኃይልህ ትሮጣለህ... ትመለሳለህ... ደግሞ ትሮጣለህ። አሥር ጊዜ! ከዚያ ትጥላትና ዘለህ ኳስ ጎል ላይ ትወረውራለህ።

«ኳሷን የሚወረውራት ክንድ እንዳይመስላችሁ፣ እግር ነው!» ይላል አሰልጣኙ።

በኃይሉ ግን ቀጭን ነው። በሁለተኛው ሳምንት ጀርባው ተላጠ።

እና አንድ ብልሃት መጣለት... (ብልሃት አልኩት እንጂ ሌላም ስም አለው።)

ልምምድ ሲያበቃ ሁሉም ሊታጠብ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ከረጢቶቹ ሜዳው ጥግ ባለችው የዘበኛው ጎጆ ይቀመጣሉ። በኃይሉ «ጫማዬን ልሰር» ብሎ ወደ ኋላ ይቀርና ከራሱ ከረጢት ሁለት እፍኝ አሸዋ ከጎጆዋ ጀርባ ይደፋል።

በማግስቱ ሲያዝላት... ያው ናት።

ሦስት እፍኝ ደፋ። ያው ናት!

አራት እፍኝ... ጭራሽ የባሰባት መሰለው።

«የእኔ ተቀንሶ እንዲህ ከከበደ የእነ ደምሴማ ስንት ሊከብድ ነው?» እያለ ለጓደኞቹ ያዝንላቸው ነበር እኮ!

አንድ ወር ሙሉ ደፋ።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንመለስ...

«ከአሥራ ሁለት ኪሎ የጎደለበት ሰው ዛሬውኑ ከቡድኑ ይወጣል» አለ አሰልጣኙ።

የደምሴ ተሰቀለች። አሥራ ሁለት።

የበኃይሉ ተራ ደረሰ። ዓይኑን ጨፈነ። የአጎቱ ዶማ ታየው...

«አሥራ አራት!»



አሰልጣኙ ሚዛኑን በጣቱ መታ መታ አድርጎ ደግሞ አየ። አሥራ አራት ነው!

«ጓዶች!» አለ። «ሌላው የታዘዘውን ሲሸከም፣ ይህ ልጅ በራሱ ፈቃድ ሁለት ኪሎ ጨምሮ ሲሮጥ ከርሟል። አጨብጭቡለት!»

ተጨበጨበለት። ደምሴ ከሁሉም አብልጦ አጨበጨበ። በኃይሉ ግን ጆሮው ጋለ... መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

ቦታዋን ለሚለየው ውድድር ሁለቱ ኪሎ ተቀነሰለትና ከደምሴ ጋር እኩል አዝለው ሮጡ። በኃይሉ በሦስት እርምጃ ቀደመው። ከረጢቷን ጥሎ ሲዘል፣ ግብ ጠባቂው ኳሷን ያያት መረቡ ውስጥ ነው።

ቦታዋ የበኃይሉ ሆነች።

ሰው ሲበተን ወደ ጎጆዋ ሄደ። ዘበኛው ጋሽ ካሳሁን በር ላይ ተቀምጠዋል። አንድ እግራቸው የማይታጠፍ፣ ሰላምታ እንኳ በአገጫቸው የሚመልሱ ዝምተኛ ሰው ናቸው። አጠገባቸው አንዲት የቲማቲም ጣሳ አለች... አሸዋ የለበሰች።

በኃይሉ ጣሳዋን አየ። እሳቸውን አየ።

«ጋሽ ካሳሁን... እርስዎ ነዎት?»

«የደምሴን በግራ እጄ፣ ያንተን በቀኝ እጄ እያነሳሁ ነበር የማመዛዝነው» አሉ። «ሚዛን የለኝም። ትንሽ ሳላበዛው አልቀረሁም መሰለኝ።»

«ለምን አልተናገሩብኝም?»

«ብናገር ትባረራለህ። ዝም ብል ሰንፈህ ትቀራለህ። ምን ላድርግ ብዬ ሳስብ... ጣሳዋን አየኋት።»

በኃይሉ እዚያው ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ከዚያ በቀጥታ አሰልጣኙ ቤት ሄዶ ሁሉንም ተናገረ... ቦታዋን ሊያጣት እንደሚችል እያወቀ!

 አሰልጣኙም ሰምቶት ሲያበቃ እንዲህ አለው፦

«ሩጫውን የሮጥከው አንተ ነህ፤ ቦታዋ ያንተ ናት። ጭብጨባው ግን ያንተ አይደለም። ነገ ጠዋት ሁሉም ባለበት ለባለቤቱ ትመልሳለህ።»

መለሰ። የሆነውን ሁሉ ተናግሮ ሲጨርስ፣ ጋሽ ካሳሁን ሜዳው መሃል አፍረው ቆመው፣ ደምሴ አሁንም ከሁሉም አብልጦ አጨበጨበ።

«አድሚን፣ አንተ ይህን ሁሉ ከየት አወቅክ?» ትሉኝ ይሆናል።

ጋሽ በኃይሉ ዛሬም ሐዋሳ ውስጥ ልጆች ያሠለጥናሉ። እኔም አንዱ ነበርኩ።

አንድ ቀን ከከረጢቴ አሸዋ ስደፋ ዞር ስል፣ ከኋላዬ ቆመው አገኘኋቸው... ጣሳ ይዘው።

አልተቆጡኝም። ቁጭ አድርገው ይህን ነገሩኝ።

ሸክማችንን የሚያቀልልንን ሰው ሁላችንም እናመሰግናለን። የደፋነውን ቀስ ብሎ መልሶ የሚሞላልንን ግን... አብዛኛውን ጊዜ ስሙንም አናውቀውም። እንዲያውም ዕድላችን የከበደብን ይመስለናል።

እስቲ እናንተስ... ያኔ ያከበደባችሁ መስሏችሁ፣ ኋላ ላይ «እሱ ባይኖር ኖሮ» ያላችሁለት ሰው ማነው? ስሙን ኮሜንት ላይ ጻፉልን። በሕይወት ካለ ደግሞ መጀመሪያ ለእሱ ደውሉለት።