የአራስ ቤት ቅቤ

አሮጊቷ እንደ ልማዷ ሕፃኑን ልታልስ ያመጣችውን ቅቤ በጉሎ ቅጠል ጠቅልላ፣ ነጠላዋ ሥር እንደያዘች ምራቷን በቅናት ታያት ነበር። ምራቷ ቆቦ ከተማ የምትሠለጥነውን የጤና ሙያ ለመለማመድ መጥታ፣ አራሷ ጎረቤታቸው አጠገብ የጨርቅ አሻንጉሊት አቅፋ የጡት አጠባብ ታሳያለች። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ስታዋልድ የኖረችው እሷ ሆና ሳለ፣ ዛሬ አራሷም ጎረቤቱም የሚያዩት የትናንቷን ልጅ አፍ ነው። አንዷ እንኳ ብድግ አላለችላትም።

"ከጡት በቀር ምንም እንዳታቀምሱት፤ ቅቤም ቢሆን" አለች ምራቷ።

በቆላው ሙቀት ቅቤው መቅለጥ ጀምሮ በአሮጊቷ ክንድ ወረደ። ሴቶቹ ዞር አሉ። ምራቷ ደነገጠች፤ "ውይ እማ፣ ለሕፃኑ ነው እንዴ?"

አሮጊቷ ሻሿን ፈታ ቅቤውን እንዳለ ሽበቷ ላይ ለደፈችው።

"የምን ሕፃን? ለአናቴ ነው ያመጣሁት!"